ሐይቅ ላይ የተጠራ ስብሰባ

«እምቢ ብትልስ?» አለች የወንድሟ ሚስት።

«ማን? እታለም?» አለ ወንድሟ፣ የጥርስ ብሩሹ ቃሉን በአረፋ እየሞላበት። «እታለም መች እምቢ ብላ ታውቃለች!»

ባልና ሚስት መታጠቢያ ቤት ናቸው። እታለም የተባለችው ትልቅ እህት ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ፣ በማለዳ ከክፍሏ መጥታ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ለሽርሽር የሚሄደውን እንቁላል ትልጣለች። ያ ግድግዳ ምሥጢር ቋጥሮ አያውቅም፤ የሠራው ሰው ሲሚንቶው ሲያልቅበት በተስፋ የጨረሰው ይመስላል። ስለዚህ የቀረውንም ሰማችው። ከምሳ በኋላ ሊነግሯት ነው፤ «ሰው ሲጠግብ ልቡ ይለሰልሳል» አለ ወንድሟ። መጋረጃ የምትሰፋበትን ሱቅ ትተዋለች፣ የተከራየቻትን ክፍል ትለቃለች፣ ከዚያ የሚስቱ እናት ቤት ገብታ አሮጊቷን ትጠብቃለች። «መጋረጃ መስፋት ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው? ዕድሜ ልኳን የሰው መስኮት ስትሸፍን! እማማ ራሳቸው መርጠውሻል እንላታለን፤ ደስ ይላታል።» ሚስቱ ምን ብላ እንደመለሰች የቧንቧው ውኃ ዋጠው።

እታለም መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ሳይሆን ጉጉት ነበር። እንቁላሉን እንደያዘች፣ እውነት ግን መቼ ነው እምቢ ያልኩት? ብላ ከልቧ አሰበች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ፈልጋ ያገኘችው አንድ እምቢታ ብቻ ነው። የጥርስ ሐኪሙ «ሁለተኛዋንም አብረን እንንቀላት» ሲላት እምቢ ብላው ነበር። እሷንም ቢሆን በሳምንቱ ተመልሳ ሄዳ አስነቅላታለች። ይህን ስታስታውስ ሳቅ አመለጣት፤ ንዴቱ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። የሚቀጥለውን እንቁላል ስትልጥ ነጩ ከነቅርፊቱ ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ። አስኳሉን ብቻዋን ቆማ በላችው። ከዚያ ሁሌ እንደምታደርገው ድንቹን በድስት፣ ዳቦውን፣ ሽንኩርቱንና የተጠበሰውን ዶሮ በየዕቃው ከተተች፤ የሻይ ፔርሙሱን ክዳን ሁለት ጊዜ አጠበቀች።

ወንድምዬው በቤተሰቡ ውስጥ «ሊቀመንበር» ነው የሚባለው። የምንም ሊቀመንበር አይደለም፤ ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ የተጋጩ መኪኖችን እየዞረ የሚያይ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ምሳ ሲቀርብ እንኳ «በመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ ነው እጁን የሚታጠበው። ስሙን ያወጡለት አማቱ ናቸው፤ እሱ እንደ ሙገሳ ይዞታል። ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ምክሯን ሁሉ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» እንደሚሉት ዓይነት አድርጋ የምትሰጥ ሴት ናት። አንዲት ልጅ አላቸው፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓለምን የምታየው በስልኳ ካሜራ በኩል ብቻ ነው። ሁሉም እየተቻኮሉ ወደ መኪናዋ ሲወርዱ እታለም ድስቱን አቅፋ ከኋላ ተከተለች። ማንም ፊቷን አላየም። ቢያዩትም ድስቱን እንጂ እሷን አያዩም ነበር።

አሮጊቷን ከቤታቸው ሲያነሡ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ሲጣላና ሲታረቅ፣ ሲዋሽና ሲምል በሁለት ጆሯቸው አልፏል። ከዚያ ወዲህ የሚገርማቸው ነገር ጥቂት ነው። የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ከኋላ ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ፣ ድስቱ እታለም ጭን ላይ ሆነ። ሊቀመንበሩ ስለ ነዳጅ ዋጋ ጀመረና ተወው፤ ስለ አየሩ ጀመረና እሱንም ተወው። ሚስቱ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እታለምን የገረማት ግን እማማ ናቸው። በየመብራቱ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ዞር ብለው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው፣ ሐዘን ቤት እንደተቀመጠ ሰው እያዩ «አይዞሽ ልጄ» ይሏታል። ድስቱ የከበዳት መስሏቸው ይሆናል ብላ «ኧረ ምንም አይደል» አለቻቸው። እማማ ይህን ሲሰሙ ይባስ አንገታቸውን ነቀነቁ።

መናፈሻው ከከተማው ዳር ነው፤ አንድ ሰፊ ሐይቅ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የማይደረገውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ እሳት መለኮስ ክልክል ነው፣ ቅርንጫፍ መስበር ክልክል ነው፣ ጦጣ መመገብ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ምን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ትኬት ቆራጩ የመኪና ማቆሚያውን ከሰዎቹ መግቢያ አስበልጦ ሲጠይቅ ሊቀመንበሩ «በመጀመሪያ ደረጃ፣ መኪና ምን ይዝናናል?» ብሎ ተከራከረ፤ ከኋላ የተሰለፉት ጥሩንባ ሲነፉበት ከፈለ። ውስጡ ግን ዋጋ ይገባዋል። ከዛፎቹ ሥር አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይላል። አንዱ ጋ ወጣቶች መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ጋ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፣ የሙሽራዋን ቬሎ አራት ሚዜዎች ከጭቃ ላይ አንሥተው እንደ ድንኳን ይዘውታል። ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ እስከ ሐይቁ ዳር ረጅም ገመድ ተዘርግቶ ሰዎች እየተንጠለጠሉበት ሲወርዱ ጩኸታቸው ደኑን ያቋርጣል። ሐይቁ ዳር ከእንጨት በተሠራው መድረክ ጥግ ደግሞ በእግር የሚዘወሩ ጀልባዎች ታስረዋል፤ ሁሉም ቢጫ ዳክዬ ናቸው፤ ቀለማቸው ተላልጦ አንዳንዱ ዓይን የለውም።

ሊቀመንበሩ የሚቀመጡበትን ጥላ ሲመርጥ የተጋጨ መኪና እንደሚያይ ሰው አንዱን ዛፍ ዞሮ፣ ሌላውን ዞሮ፣ ጉንዳን አለ፣ ወፍ ያራል፣ ፀሐይ ይዞራል እያለ ሦስት ቦታ አስነሣቸው። በመጨረሻ መጀመሪያ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ምንጣፉ ተነጠፈ። ወዲያው ልጅቷ «ገመዱ! ገመዱ!» ብላ አባቷን ጎተተችው፤ እናቷም ጫማዋን ቀይራ ተነሣች። «እኛ አንድ ጊዜ ወርደን እንመጣለን፤ እታለም ዕቃውን ትጠብቃለች» አለ ሊቀመንበሩ። ይህን ሲል ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነበር። የሚጠይቅም፣ የሚመልስም የለም። በየሽርሽሩ ዕቃ የጠበቀችው እሷ ናት፤ የቤተሰቡን አልበም ያየ ሰው ሊቀመንበሩ እህት እንዳለው አያውቅም።

ሦስቱ በዛፎቹ መሃል እስኪጠፉ እታለም አየቻቸው። እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ መልሳ ዘረጋች። እማማ ከጎኗ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። የጠዋቱ ንዴት አልለቀቃትም። ሐይቁ ላይ አንድ ዳክዬ ጎረምሳና ኮረዳ ጭኖ ሲያልፍ አየችና፣ አስባ ሳይሆን አፏ ቀድሟት፣ «እማማ፣ ጀልባ እንሳፈር?» አለች።

«እኔ ዋና አልችልም፣ ልጄ።»

«እኔም አልችልም።»

«እንግዲያ እኩል ነና» አሉ እማማ፤ እጃቸውን ዘርግተው እንድታነሣቸው ጠበቁ። ምንጣፉን፣ ድስቱን፣ ሦስቱን ቦርሳ እዚያው ጥለዋቸው ሲሄዱ እታለም ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። በሦስተኛው አልዞረችም።

ጀልባ አከራዩ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰውዬ ነው። ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእማማ ሲያለብሳቸው ሆዳቸው ላይ አልገጥም ብሎ አስቸገረው፤ «አይ ተወው፣ እኔ በተፈጥሮዬ እንሳፈፋለሁ» አሉት፤ ሳይቆልፈው ደርቦላቸው ተወ። ዳክዬዋ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ጀልባዋ በእማማ በኩል ዘንበል አለች። መንዳቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ፔዳሉን እኩል መርገጥ ነው፣ መሪው መሃል ላይ ነው። የእማማ ጉልበት ግን ሁለት ዙር ረግጦ «በቃኝ» አለ። ብቻዋን የምትረግጠው እታለም ሆነች፤ መሪው ደግሞ እማማ እጅ ገባና ወደፈለጉት ይጠመዝዙታል። ዳክዬዋ አንድ ቦታ ላይ ክብ ክብ እየሠራች፣ በመሃሉ ነፋሱ እየገፋት፣ ቀስ በቀስ ከዳር ራቀች። ውኃው ከመድረኩ ላይ ሲታይ አረንጓዴ ነበር፤ እዚህ ግን ጥቁር ሆኖ የዛፎቹን ጥላ ይዟል። የሰው ጩኸት ራቀ። እታለም እግሯ ሲደክም ቆም አደረገች፤ ዳክዬዋም ቆመች።

«አሁን ማንም የለም» አሉ እማማ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እጇን እየያዙ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ብቸኝነቱ በጣም ከባድ ነው?»

«የቱ ብቸኝነት?»

«ያንቺ ነዋ! ነግረውኛል እኮ። ሌት ሌት ታለቅሳለች፣ እማማ ጋ አስገቡኝ እያለች ትለምነናለች አሉኝ። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ ቁም ሣጥኔን ግማሹን ባዶ አድርጌልሻለሁ።»

እታለም አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ጠዋት በማድ ቤቱ ግድግዳ በኩል የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ መጋረጃውን፣ ክፍሏን፣ እማማ ራሳቸው መርጠውሻል የሚለውንም። እማማ እያዳመጡ በዓይናቸው የሆነ ሽቦ ከሆነ ሽቦ ጋር የሚያገናኙ ይመስል ነበር። አዳምጠው ሲጨርሱ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ ከሆዳቸው ጀምሮ ጃኬቱን እያነሣ እየጣለ፣ ዳክዬዋን ከነአንገቷ አወዛወዛት፤ እታለም ፈርታ ጠርዙን በሁለት እጇ ያዘች። «ስንት ዓመት መስመር ሳገናኝ እንዲህ ያለ መስመር አላገናኘሁም! ለሁለት ሰው ሁለት ውሸት፣ በአንድ ሽቦ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ኮስተር አሉ።

«እንዳትቀየሚኝ እንጂ፣ እኔ አልፈለግሁሽም ነበር።»

«እኔም አልፈለግሁዎትም።»

«እግዜር ይስጥሽ!» አሉ፤ ከልባቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ወሬያቸው መንገድ አገኘ። እማማ ሬዲዮ ከፍተው ነው የሚያድሩት፤ ዜና አንባቢው ሲሳሳት እየተቆጡ፣ ሲያስቀይማቸው ድምፁን እየቀነሱ ይኖራሉ። ሲርባቸው ይበላሉ፣ ካልራባቸው ድስት አያነሡም። እታለም ደግሞ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ስትውል ወገቧ ይቆረጣል፤ ማታ ክፍሏን ከውስጥ ቆልፋ ወለሉ ላይ ተንጋላ እግሯን ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። ያን ሰዓት ማንም እንዲያያት አትፈልግም። መስኮቷ ላይ ከደንበኞች በተረፈ ቁርጥራጭ የሰፋችው መጋረጃ አለ፤ ባለ ሰባት ዓይነት ቀለም ነው፣ ሱቁ ውስጥ ከተሰፉት ሁሉ እሱን ነው የምትወደው። ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም ነበር። «የት ልተኛ ነበር ግን?» ብላ ጠየቀች። እማማ በኀፍረት ውኃ ውኃውን አዩ። «የኔው መኝታ ቤት፣ ታጣፊ አልጋ ላይ» አሉ። የኋላው ክፍል ሰው አያስገባም፤ ሊቀመንበሩ አዲስ ዕቃ በገዛ ቁጥር አሮጌውን እዚያ ያከማቻል። ሁለት ሶፋ፣ የማይሠራ ፍሪጅ፣ አንድ ቀን ብቻ የሮጠበት የመሮጫ ማሽን። «ያ ማሽን ከኔ በላይ ቦታ ይዟል፤ የሚሮጠው ቤቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም» አሉ።

ጩኸቱ የመጣው ይሄኔ ነው። ከዛፎቹ በኩል የፋርማሲስቷ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሊቀመንበሩ። ገመድ ወርደው ሲመለሱ ምንጣፉ ላይ እህት የለች፣ እናት የለች፤ ያሉት ጦጣዎች ናቸው። አንዱ የዶሮውን እግር ይዞ ቅርንጫፍ ላይ ወጥቷል፣ ሁለቱ ድንቹን ይካፈላሉ፣ አንዲት እናት ጦጣ ደግሞ ልጇን ሆዷ ላይ እንዳንጠለጠለች ዳቦውን ከነላስቲኩ ይዛ ቁጭ ብላለች። ሊቀመንበሩ ጫማውን አውልቆ ቢወረውርባት ጫማውንም ወሰደችው። የመረብ ኳስ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን አቁመው መጡ። ፋርማሲስቷ ግን ጦጣውንም ዶሮውንም አላየችም፤ «እናቴ! እናቴ!» እያለች ወደ ሐይቁ ሮጠች። ቢጫዋን ዳክዬና ብርቱካንማውን ጃኬት ከሩቅ ስታይ እንጨቱ መድረክ ላይ ደርሳ ጉልበቷን ይዛ ቆመች።

እታለም ቶሎ ቶሎ እየረገጠች ወደ ዳር ታመራለች፤ እማማም እንደ ዕድል ሆኖ መሪውን ቀጥ አድርገውላታል። መድረኩ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ግን «ቁሚ» አሉ። «እዚህ ቁሚ። ከወረድን ድስት ታነሺያለሽ፣ እኔንም መኪና ውስጥ ያስገቡኛል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እዚህ ሆነን እንነጋገር።»

መድረኩ ላይ ሰው ሞልቷል። ከፊት አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሊቀመንበር፣ ከጎኑ ሚስቱ፣ ስልኳን የደቀነች ልጃቸው፣ ከኋላ ተጫዋቾቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ቬሎዋን ራሷ የሰበሰበች ሙሽራ። ጀልባ አከራዩ ፊሽካውን ነፋ፤ «ሰዓታችሁ አልቋል፣ እናቴ!» አለ።

«መስመር ላይ ቆይ!» አሉት እማማ፤ እሱም ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«በመጀመሪያ ደረጃ» አለ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ፣ እማማ፣ ውጡና በሥርዓት እንነጋገር።»

«በሁለተኛ ደረጃስ?» አለ ከኋላ አንዱ ተጫዋች። ሰዉ ሳቀ።

«በሁለተኛ ደረጃ» አሉ እማማ ከውኃው ላይ፣ «ለኔ ታለቅሳለች አልከኝ፤ ለሷ መረጡሽ ልትላት ነበር። እኔም አልመረጥኩ፣ እሷም አላለቀሰች። ዓይኗን እያት፣ ደረቅ ነው!» ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ባዶ እግሩን በሌላኛው እግሩ ሸፈነ። ሳቁን ያቆመችው ሚስቱ ናት። ቀስ ብላ ስትናገር የኖረች ሴት፣ አሁን ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

«አትሳቁ! እናቴ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መድኃኒት ላደርስላት ስሄድ ወለሉ ላይ አገኘኋት። አሁን ገና ነው የወደቅሁት አለችኝ። ሰውነቷ እንደ በረዶ ነበር! እኔ የመድኃኒት ሰው ነኝ፣ ማንን ታሞኛለች? ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ነው ያደረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኳ ጠርቶ ካልተነሣ ልቤ ይቆማል። ምን ላድርግ? እኛ ጋ ነይ ብላት እምቢ፣ ሠራተኛ ልቅጠር ብላት እምቢ። ምን ላድርግ በሉኝ?»

አንዲት ሚዜ ዓይኗን ጠረገች። እማማ ጥቁር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አሉ፤ ቃሉ መድረኩ ላይ መድረሱንም እንጃ።

ያኔ ነው እታለም የተፈተነችው። ወንድሟ ላይ ተናዳ መጥታለች፤ የዚህችን ሴት ፊት ግን አላሰበችበትም። እሺ የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው መንገድ ነው፣ አንዴ ከንፈሯን ብትከፍትላት ራሷ ትወጣለች። መድረኩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደሷ ዞሯል። ወንድሟም ያያታል፤ ፊቱ ላይ ሥጋት የለም፣ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ነው የሚጠብቀው። ሰባት ቀለም ያለው መጋረጃዋ ትዝ አላት።

«እምቢ» አለች። ከዳክዬዋ አንገት አላለፈም።

«ምን አልሽ?» አለ ሊቀመንበሩ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

«እምቢ።»

«አይሰማም፣ እታለም! ጮክ በይ!»

«እምቢ አልኩህ!» ብላ ጮኸች፤ ከዛፉ ላይ ወፎች ተነሡ። ሙሽራዋ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እታለም ግን ገና አልጨረሰችም፤ ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አብረን እንበላለን፣ እጠይቃቸዋለሁ። ሥራዬን ግን አልተውም። ክፍሌንም አልለቅም። ደግሞ መጀመሪያ እኔን መጠየቅ ነበረባችሁ።»

ፋርማሲስቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። የቀረውን እማማ ጨረሱት። የጎረቤታቸው እህት ልጅ ነርስነት የምትማር ናት፤ ክፍል ፍለጋ ስትንከራተት ዓመት ሊሆናት ነው። ሌሊት ሰው ቤት ውስጥ ይኑር ከተባለ እሷ ትግባ፤ የኋላው ክፍል ሰፊ ነው። መታጠቢያ ቤቱም መያዣ ብረት ይገጠምለት። «ሠራተኛ አይደለችም፤ ተከራይ ናት፣ ካስቀየመችኝ አስወጣታለሁ» አሉ። «የኋላው ክፍል ግን...» ብሎ ሊቀመንበሩ ጀመረና ሁሉም ሲያየው ቆመ። እማማ ሁለቱን ሶፋ፣ ፍሪጁን፣ የመሮጫ ማሽኑን አንድ በአንድ ጠሩ፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ተጫዋቾቹ «አውጣ!» እያሉ አጀቧቸው። በመጨረሻ የገዛ ልጁ ከስልኳ ጀርባ «አባዬ፣ አውጣው በቃ፤ ርቦኛል!» አለች። ሊቀመንበሩ ሐይቁን አየ፣ ሰዉን አየ። «በዚህ ሳምንት ይወጣል» አለ። ጀልባ አከራዩ ፊሽካውን ነፋ፤ ስብሰባው ተበተነ።

ምሳ አልነበረም። ጦጣዎቹ የተዉላቸው ሻዩንና ሽንኩርቱን ነው፤ ጫማው ከቁጥቋጦ ሥር ተገኘ፣ ክሩ ብቻ ተበልቷል። በር ላይ ከሚሸጡት በቆሎ ጠባሾች፣ በከተማው ዋጋ እጥፍ፣ አንዳንድ በቆሎ ገዝተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ማንም ማንንም አያይም። እማማ ጥርሳቸው በቆሎ ስለማይችል እታለም ፍሬውን እየፈለፈለች በመዳፏ ልታቀብላቸው ስትል፣ ልጃቸው ፋርማሲስቷ ቀድማ እጇን ዘረጋች። «እኔ እፈለፍልላታለሁ» አለች። ፈልፍላ ስትሰጣቸው ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ውኃው ላይ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። እሷም ለካ ገብታበት አታውቅም። ልጅ ስትታቀፍ፣ ልጅ ስታበላ፣ ልጅ ስትጠብቅ ኖራለች።

«ይቀዘቅዛል» አለች እታለም። «አንዳች የሚያህል ዝምታም አለው። ጀልባዎቹ ሳይታሰሩ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

እማማና ፋርማሲስቷ ተያይዘው ወረዱ፤ ልጅቷም ልትቀርጻቸው ተከተለች። ምንጣፉ ላይ እህትና ወንድም ቀሩ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው አዘንብላ የዛፎቹ ጥላ እስከ ውኃው ተዘርግቷል። ሊቀመንበሩ የበቆሎውን ቆረቆንዳ በጣቶቹ ሲያሽከረክር፣ ሲጥለው፣ መልሶ ሲያነሣው ቆየ። «በመጀመሪያ ደረጃ...» አለና ተወው። ልጅ ሆኖ አንድ ነገር ሰብሮ እናታቸው ሳትገባ እንደሚያያት ዓይነት አያት።

«ተቀየምሽኝ እንዴ፣ እታለም?»

ኧረ ምንም አይደል፣ የሚለው መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱም እጁን ሊያራግፍ ተነሥቷል።

«አዎ» አለችው።

ሊቀመንበሩ እንደቆመ ቀረ። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረውም። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ በመጨረሻ ተመልሶ፣ ቅድም ከነበረበት ጠጋ ብሎ፣ ከጎኗ ተቀመጠ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ቢጫዋ ዳክዬ ውኃው መሃል ክብ ክብ ትዞራለች፤ የእማማ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል፦ «በግራ ነው ያልኩሽ! በግራ! ግራሽ የት ነው አንቺ!» ከዚያ የፋርማሲስቷ ሳቅ። ወንድሟ በድንገት ሳቀ፤ አላስቻለውም። እታለም ግን ገና አልሳቀችለትም፤ እግሯን ዘርግታ ጫማዋን አወለቀች።